ኋላ ማርሽ የሌለው መኪና

በታክሲ ተራው በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ወደፊት» ነው የሚሉት። ሚስቱ አንድ ቀን ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ ብትጠይቀው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የእድገት ሰው ስለሆንኩ ነዋ!» አላት። እሷም ከልቧ ሳቀች። እውነቱ ግን መኪናው ወደኋላ አይሄድም ነበር። ይህን የተራው ሹፌር ሁሉ ያውቃል፣ መካኒኩ ያውቃል፣ ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

መኪናው ደግሞ የአባቷ ነበር። አማቱ በሕይወት ሳሉ እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁት ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ቁልፉን በእጁ አስቀመጡለት። ያስጠነቀቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ሞተሩ ይቅር ይልሃል። ካምቢዮው ግን ቂመኛ ነው። ጎማው ቀጥ ብሎ ሳይቆም ኋላ ማርሽ እንዳታስገባ።»

«ኧረ አባባ፣ በጭራሽ!» አላቸው።

ሽማግሌው ካረፉ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ሻንጣ የያዘች መንገደኛ እጇን ስትዘረጋ ሳያያት አለፋት። በመስታወቱ ሲመለከት ሌላ ታክሲ ወደ እሷ እየተጠመዘዘ ነው። ያን ጊዜ ስስት ያዘው። መኪናው ገና እየተንከባለለ ማርሹን ወደኋላ ሰጠው። ካምቢዮው ከሆዱ ውስጥ ግርርር አለ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተከተለ፣ ከዚያ ጭጭ። መንገደኛዋንም ያው ሌላው ታክሲ ወሰዳት።

አብሮ አደጉ የሆነው መካኒክ የካምቢዮውን ዘይት ከታች አፈሰሰና በጣቱ በረበረው። ከዝቃጩ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብረት አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ይቺ ግማሽ ጥርስ ናት። ሌላው ግማሽ አልወጣም፣ እዛው ውስጥ ተኝቷል። አንድ ቀን ማርሾቹ መሃል ከገባ በሩጫ ላይ እያለህ ጎማውን ቀጥ ያደርግልሃል። ይፈታ።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«የድሮ መኪና ነው፣ ዕቃው እስኪገኝ ነዋ። በዚያ ላይ ለባለቤትህ ንገራት። አባቷን ታውቃለህ፣ እሷም ከሳቸው አትሻልም።»

«እነግራታለሁ፣ ምን ችግር አለው።»

ነገ ዛሬ ሲል ወራት አለፉ። ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ላለመናገር የደከመውን ያህል ለመናገር ቢደክም ኖሮ በአንድ ከሰዓት ይገላገል ነበር። መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ ተሳፋሪ አይጭንም። የትም ቢሆን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ያቆማል። መላው ሲጠፋበት ወርዶ በትከሻው ይገፋል። ቤት ሲደርስ መኪናውን ግቢ አያስገባም፤ «ጠዋት ቶሎ ለመውጣት» ይላል። በየመንገዱ ደግሞ ያ ግማሽ ጥርስ ትዝ እያለው፣ ካምቢዮው ትንሽ ባጉረመረመ ቁጥር ልቡ ስንጥቅ ይላል።

በዚህ መሃል ሚስቱ መንዳት ልማር አለች። በጽዳት የምትሠራበት ክሊኒክ ሹፌሩ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ ኃላፊዋም «መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ቦታው ያንቺ ነው» ብለዋታል። እሑድ እሑድ ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ይወስዳታል። እጇ ፈጣን ነበር፤ ፍሪሲዮኑን የምትለቀው ልክ እንደ አባቷ በቀስታ ነው። ባሏ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲያያት አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል፣ ወዲያው ደግሞ ያርራል።

«ወደኋላውስ?» ትለዋለች።

«እሱ ቀላል ነው። መጨረሻ ላይ ነው የሚለመደው።»

«መኪናው የሆነ ነገር ሆኗል እንዴ?»

«ምንም የለም።»

መካኒኩ ነገሩን ሲሰማ ጮኸበት። «የኔን መኪና ውሰድና አስተምራት እንጂ! ምን ዓይነት ሰው ነህ?» እሱ ግን የሰው መኪና ይዞ ቢሄድ የኛስ ምን ሆነ ብላ እንደምትጠይቀው አሰበና ተወው። ፈተናው ላይ ምናልባት ወደኋላ አይጠየቅ ይሆናል ብሎ ራሱን አሞኘ።

የፈተናው ቀን በእግሯ ነው ወደ ቤት የመጣችው። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ያዘዙኝ በእነሱ መኪና በሁለት ዘንጎች መሃል ወደኋላ እንዳስገባ ነው። ማርሹ በየት በኩል እንደሚገባ እንኳ አላውቅም። ፈታኙን "ያሳዩኝ" አልኳቸው። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁብኝ።»

«እንደገና ትፈተኛለሽ…»

«ክሊኒኩ እስከዚያ አይጠብቅም።»

ከምስማሩ ላይ ቁልፉን አንስታ ወጣች። ተከትሏት ሮጠ እንጂ ምን እንደሚል አያውቅም። ሞተሩን አስነሳች፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረገጠች፣ የማርሹን ዘንግ እየዳበሰች ወደኋላ የሚገባበትን አገኘችው። መኪናው ግርርር ብሎ ከጮኸ በኋላ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አጠፋችው።

«መቼ ነው?»

«አባትሽ ካረፉ በኋላ።»

«ሰው ያውቃል?»

«ተራው ያውቃል።»

እጇን ከማርሹ ዘንግ ላይ አነሳች። «"ወደፊት" የሚሉህ ለዚህ ነው?»

ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ።

«እኔም እኮ ስቄ ነበር» አለችው።

በማግስቱ መኪናውን መካኒኩ ጋ ወሰደው። ካምቢዮው ወርዶ ሲፈታ ሌላው ግማሽ ጥርስ አንድ ጥግ ላይ፣ ረግቶ በጠቆረ ዘይት ተለጥፎ ተገኘ። እንደተፈራው ሳይነቃ እዚያው ከርሟል። መካኒኩ ከወዳደቀ መኪና ላይ ማርሽ እስኪያገኝ ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት እሷ ክሊኒክ ትሄዳለች፣ አዲሱ ሹፌር መኪናውን ወደኋላ አስገብቶ ሲያቆም መወልወያዋን ይዛ ታየዋለች፣ ማታ ትመለሳለች። ቤት ውስጥ አልተጣሉም። ቢጣሉ በወደደ።

መኪናው ሲያልቅለት በደስታ እየከነፈ መጣ። በሩ ላይ ጥሩንባ ነፍቶ ሁለቱንም የግቢ መዝጊያ ከፈተና፣ ጎማው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠብቆ ኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናው ያለ አንዳች ድምፅ፣ ሽማግሌው በነበሩበት ጊዜ ይገባ እንደነበረው፣ ቀስ ብሎ ግቢ ገባ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየችው።

«ነይ፣ አሁን ላስተምርሽ» አላት፣ የመኪናውን በር ከፍቶ።

አልተንቀሳቀሰችም። «ሌላስ?» አለችው። «ሌላ ያልነገርከኝ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አላት።

የልቡን ነበር የተናገረው። ነገር ግን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው፤ በነዚያ እሑዶች ሁሉ ሲላት የነበረው ቃል ነው፣ ድምፁም ያው ነው። እሷ ፊቱን ትንሽ አይታ ወደ ቤት ገባች፣ እሱም የተከፈተውን በር እንደያዘ እዚያው ቀረ።