ከሱፍ ያልተሰፋው ስካፑላር

ሰፈሩ «ክብሪቷ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጨርቅ ነጋዴው ነው፤ ከበሩ ብቅ ስትል ሲያያት «መጣች ደግሞ ሱቄን ልታቃጥል» እያለ ይቀልድባታል። እውነቱን ነው፤ ቡናማ ሱፍ ልትገዛ በሄደች ቁጥር ከጥቅሉ ጫፍ አንድ ክር ትመዝና ክብሪት ትጭርበታለች። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ በጣት ሲነካ ብን የሚል አመድ ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሠራ፣ ወይም እንደ ወረቀት ከሸተተ ግን ነጋዴው ቢምል ቢገዘት አትሰማውም። አንድ ቀን እንዲያውም አንዱን ጥቅል ሦስት ቦታ ፈትሻ፣ ገዝታ ከወጣች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ አራተኛ ክር መዘዘች። ያን ቀን ነጋዴው አልቀለደም። ይቺ ሴትዮ ደህናም አይደለች ብሎ አሰበ።

የምትሰፋው ካቶሊኮች የሚያጠልቁትን ስካፑላር ነው። ሁለት ትንንሽ የቡናማ ሱፍ ቁራጮች በሁለት የሱፍ ጥብጣብ ይያያዙና በአንገት ይጠለቃሉ፤ አንዱ ደረት ላይ፣ አንዱ ጀርባ ላይ ይውላል። የመጀመሪያውን ካህን ባርኮ ያጠልቀዋል፤ እሱ ሲያልቅ ግን ሌላ መተካት ነው፣ አዲስ ቡራኬ አይጠይቅም። ያረጀው ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል። ሥዕል ቢሰፋበት ባይሰፋበት ግድ የለም፤ ሱፍ መሆኑ ግን የግድ ነው። በእምነት አጥልቆት የሞተን ሰው የቀርሜሎስ እመቤታችን ከዘላለም እሳት ትጠብቀዋለች፤ እሷም አማቷም ይህን ተስፋ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውታል። አሥራ አንድ ዓመት ስትሰፋ ከሱፍ ሌላ ጨርቅ የነካችው አንዴ ብቻ ነው። እሱም ለገዛ ባሏ ነበር።

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሳቂታ፣ ነገር የማይከብደው ሰው። በመጨረሻው ሕመሙ ቆዳው ተላላጠና ሱፉ አንገቱን ይሞርደው ጀመር። አውልቀው ብትለው እምቢ አለ። ካህኑ በጨርቁ ፈንታ የተባረከ ሜዳልያ ማድረግ እንደሚፈቀድ ቢያስረዱም እናቱ «ሜዳልያ ለሰነፍ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት፤ እሱም የእናቱ ልጅ ነውና ከእሳቸው ቃል አልወጣም። ሌቱን ሙሉ ሲቧጭር ያድራል፣ ጠዋት አንገትጌው ደም ነው። አንጀቷ አልችል አላት። አንድ ጠዋት ሰውነቱን ስታጥበው፣ መልኩ ሱፉን የሚመስል ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከነጥብጣቡ ሰፍታ ነበርና፣ ሱፉን አውልቃ እሱን አጠለቀችለት። ለእሱም ለእናቱም ትንፍሽ አላለችም። አሥራ ሁለት ቀን ሳይቧጭር ተኛ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ያንኑ ጥጥ እንዳጠለቀ ሞተ፤ አብሮት ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ሦስት ዓመት፣ ዕረፍት የሚባል ነገር የላትም። የተሰፋውን ፈትታ ትሰፋለች፣ የተቆለፈውን በር ተመልሳ ትገፋለች፣ ወንበር ላይ ቁጭ ካለች እግሯ የሌለ የስፌት መኪና መርገጫ ይረግጣል። ለካህኑ ተናዛለች። ካህኑም ባልሽ ሱፍ መስሎት በእምነት ነው ያጠለቀው፣ እግዚአብሔር ደግሞ ጨርቅ መርማሪ አይደለም፣ ለእሱ አትስጊ አሏት። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ እፎይ ብላ ሄደች። አጥሩን ስታልፍ አማቷ ትዝ አሏት።

ምራትና አማት የሚኖሩት በአንድ ቤት፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። አሮጊቷ አንድ ልጃቸውን ቀብረው በቁማቸው የቆሙት ስካፑላሩን አጥልቆ ሄዷል በሚለው ነገር ብቻ ይመስላታል። ብትነግራቸው ያንን ምርኩዝ ከእጃቸው መንጠቅ ነው። ባትነግራቸው በየቀኑ ዓይናቸውን እያየች መዋሸት ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ አማቷ ምንም ሳይነሳ «ልጄ እኮ ስካፑላሩን እንዳጠለቀ…» ብለው ይጀምራሉ። እሷ ገና «ልጄ» ሲሉ ብድግ ነው። ድስቱ አረረብኝ ትላለች ድስት ሳትጥድ፤ ልብስ ላስገባ ትላለች ሳታሰጣ። ኩሽና ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ልቧ እስኪመለስ ትቆማለች። ፈሪ ናት፤ እሷም ራሷን የምትጠራው በዚሁ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ አማቷ ጠሯት። ሰማንያን አልፈዋል፣ ከክረምቱ ወዲህ ከአልጋ መውረድ ከብዷቸዋል። ያደረጉት ስካፑላር ጥብጣቡ አልቆ በክር ተንጠልጥሏል። የመጨረሻዬን ስፊልኝ፣ ከሱ ጋር ነው የምትቀብሪኝ አሏት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ትከይልኝ የሚሉ ያህል ነበር አነጋገራቸው። እሷም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልኩን ወሰደች፣ ሱፉን ዘረጋች፣ እንደ ልማዷ አንድ ክር መዝዛ ክብሪት ጫረች።

«አደራ፣ ልክ እንደ ልጄ አድርገሽ ስፊልኝ» አሏት።

ክብሪቱ ጣቷን እስኪፈጃት ድረስ ያዘችው። ልትነሳ ቃጣት፤ ግን አልጋው ወደ በሩ መውጫውን ዘግቶታል፣ ልታልፍ ብትል እግራቸውን ማንሳት አለባት። መቀሱን አስቀመጠች።

«እማማ፣ የእሱ ሱፍ አልነበረም። ጥጥ ነው ያደረግሁለት። አንገቱ ሲደማ ማየት አቃተኝ።»

አሮጊቷ አልደነገጡም። ትራሳቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሰባ ዓመት አንገቴ ላይ ያዋልሁት ሱፍ ይጠፋኛል? ሲገነዝ እኮ እኔም ነበርኩ። በእጄ ስነካው ወዲያው ነው ያወቅሁት። የራሴን አውልቄ ላደርግለት ጥብጣቡን ቀና አደረግሁና አንገቱን አየሁት። ድኖ ነበር። እንደዚያ ንጹህ ሆኖ ያየሁት ልጅ እያለ ነው። ተውኩት።»

እንባዋ መጣ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀቻቸው።

«ስንቴ ጀመርኩልሽ፤ መች ትቀመጫለሽ?»

አሁን ግን ተቀምጣ ነበር። ሱፉን ሰብሰብ አደረገችና ለእሳቸውም የምትሰፋው ከጥጥ እንደሆነ፣ እንደ ልጃቸው ያሉትም ለዚህ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ እንደዚያ ያሉት አፏን ሊያስከፍቷት ነበር።

«የእኔን ከሱፍ ስፊው። ምናልባት እዚያ በሰማይ ስለ ጨርቁ የሚጠይቅ ቢመጣበት፣ ደንቡን ጠብቄ ሄጄ ስለ እሱ እኔ እናገራለሁ። እመቤታችንም እናት ናት፤ አንገቱ እንዴት እንደነበረ ብነግራት ይገባታል» አሏት።