መለኪያዬ ሲሞት አይቡን የቀመሱልኝ እማማ ዘሃራ

ሰኞ ጠዋት ነው፣ ደብረ ታቦር... ሦስት መቶ ሊትር ወተት ረግቶ፣ ተቆርጦ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ አጓቱ እየተንጠባጠበ ነው። እኔ አጠገቡ የሞተ መሣሪያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ለማታውቁኝ፣ አንዲት ትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ አይብ ሠሪ ነኝ። የአሰላ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት የሚጠጣ ሰው ይጠፋል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ስለዚህ በገሳይ በኩል ያሉት ገበሬዎች ያለቡት ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። እኔም ጨው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ፋሲካ ድረስ የሚቆይ አይብ አደርገዋለሁ።

ሥራው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። አይቡ በደንብ ሳይኮመጥጥ ጨው ውስጥ ከገባ ይበላሻል፤ ካለፈ ደግሞ ይፈረፈራል። ልክ መድረሱን የምትነግረኝ እስክርቢቶ የምታክል የአሲድ መለኪያ ነች። አይቡ በኮመጠጠ ቁጥር ቁጥሯ ይወርዳል፣ አራት ነጥብ ሰባት ላይ ስትደርስ እከተዋለሁ። ቅዳሜ አጥቤያት ጫፏን ፈሳሿ ውስጥ ሳልመልስ ሄጃለሁ... ደርቃለች። አይቡ ውስጥ ሰካኋት፣ ሰባት። ውሃ ውስጥ ነከርኳት፣ ሰባት። ሎሚ ጨመቅኩባት... አሁንም ሰባት።

ፈሳሹ ውስጥ ዘፈዘፍኳት። አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ነፍስ ትዘራለች፤ አይቡ ግን እሷን አይጠብቅም። ባለፈው ሳምንት አንዱን ዙር አበላሽቻለሁ። ሥራ አስኪያጁም፣ ይሄ ከተደገመ በጾም ወተት መቀበል እናቆማለን ብሎኛል። ገበሬዎቹ ታዲያ ወተቱን የት ያድርሱት?

«ቅመሰዋ» ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤው ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ... እዚህ ከተማ ኑሮዬ ከሥራ ወደ ኪራይ ቤቴ፣ ከኪራይ ቤቴ ወደ ሥራ ነው። ሳምንት ሙሉ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የማላገኝበት ጊዜ አለ። እናቴና እህቶቼ አሰላ ሆነው ይጾማሉ፣ እኔም እዚህ ሆኜ እጾማለሁ። ከቤተሰቤ ጋር አብሬ የማደርገው ነገር የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ በቁራሽ አይብ ላጣው አልፈለግኩም። ዘበኛችንን እንዲቀምሱልኝ ብጠይቃቸው ሳልጨርስ አማተቡ።

ያኔ ነው «ብልሃቱ» የመጣልኝ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ክርና ጨርቅ የምትሸጥ ሰዓዳ የምትባል ሙስሊም ጎረቤት አለችን። ቁራሽ አይብ በሳህን ይዤ መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ። መለኪያዬ ሞታብኛለች፣ ቅመሽልኝ ብዬ ስዘረጋላት ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች።

«ወንድሜ፣ ረመዳን እኮ ነው» አለችኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ ሲባል ስሰማ ከርሜ፣ ጭንቀቱ አስረሳኝ። ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ ስል ከሱቁ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ሰማሁ።

«አምጣው፣ እኔ እቀምስልሃለሁ።»

የሰዓዳ ሳቅ ቆመ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው የወጡት እናቷ እማማ ዘሃራ ናቸው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም ዘንድሮ እንዳይጾሙ ከልክሏቸዋል። ለካ ጎረቤት እንዳያውቅባቸው ምሳቸውን እዚያ ጓዳ ተደብቀው ነው የሚበሉት። እሱን ሁሉ ለእኔ አይብ ሲሉ ገለጡት። ቁራሿን አላምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ገና ነው» አሉኝ። «የደረሰ እንደሆን ከጆሮዬ ሥር ይቆነጥጠኛል።»

በየግማሽ ሰዓቱ ሳህኔን ይዤ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ላይ ምልልሴ አሳዘናቸው መሰለኝ፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው ራሳቸው መጡ። ዱካ አቀረብኩላቸውና ከአይቡ አጠገብ ተቀመጡ። ማን እንደሚያበስልልኝ፣ እናቴ ስንት ልጅ እንዳላት፣ ለምን እንዳላገባሁ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ይህን ያህል የጠየቀኝ ሰው የለም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የራሳቸውን ነገሩኝ።

«ስንት ዘመን ከሰው ጋር ጾሜ፣ ዘንድሮ ብቻዬን ስበላ እህሉ አልወርድ አለኝ። ቤቱ ሁሉ አፉን ዘግቶ የእኔ ማላመጥ ብቻ ይሰማል።»

እኔ ብቻዬን እጾማለሁ፣ እሳቸው ብቻቸውን ይበላሉ። ፊቴን አዙሬ የጠበቀውን ጨርቅ እንደገና ማጥበቅ ጀመርኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መለኪያዋን አውጥቼ ሎሚው ውስጥ ነከርኳት... ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ። ነፍስ ዘርታለች። ቀስ ብዬ አይቡ ውስጥ ስሰካት አራት ነጥብ ስምንት አለችኝ። «እማማ፣ ተነሳችልኝ» ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መለኪያዋን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ትንሽ ቆየሁና ሌላ ቁራሽ ሰጠኋቸው። አላመጡት፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሥር ወሰዱ።

«አሁን ቆነጠጠኝ። ክተተው።»

ጀርባዬን ሰጥቼ ለካሁት። አራት ነጥብ ሰባት።

አይቡን ጨው ውሃው ውስጥ ከትቼ ስጨርስ ተነሱና በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። እዚያ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ያ መሣሪያህ መቼ ነው የሚሠራልህ?» አሉኝ። እንደ ዋዛ ነው የጠየቁት፣ ግን መልሴን ሳይሰሙ አልተንቀሳቀሱም።

«እንጃ እማማ... ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ቶሎ የሚደርስ አይመስለኝም።»

«እንግዲያማ ነገም እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉና መንገዱን ተሻገሩ።

ቀኑን ሙሉ ከአይብ የጠበቅኩት ምላሴ መጨረሻ ላይ ዋሸ... ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ፣ ግን ከፋሲካ በኋላ።