የኋላው ረድፍ አራት ደቂቃ

ለጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የምታረፍድ፣ ለገዛ ሰርጓ እንኳ ሙሽራውን አቁማ ያስጠበቀች ሴት፣ ለአንዲት ሰከንድ ብላ እንዴት እንቅልፍ ታጣለች? ልብስ ሰፊው ባሏ አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሮ መልሱን አላገኘም።

ሚስቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ለመፈተኛ አዳራሹ የሠራችው ፕሮግራም ስድሳ ደቂቃ ቆጥሮ ፈተናውን ይዘጋል። ባለፈው ፈተና ግን አሮጌ ማሽኖች ያሉበት የኋላው ረድፍ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ተዘጋ። ጣት የተቀሰረው በፈታኟ ላይ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው እኚህ እናት «ለዘመድ ሰዓት ጨመሩ» ተብለው ታገዱ። ጉዳያቸው የሚታየው ሐሙስ ጠዋት ነው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሚስቱ ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ መጣች። የተከመረውን ጨርቅ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው።

«የምኑ ጥፋት?»

«ፕሮግራሜ ሰዓት አያይም። ማሽኑ በየሰከንዱ ይቀሰቅሰዋል፤ እሱም አንድ ይደምራል። አሮጌዎቹ መልስ ሲያስቀምጡ ሥራ ይበዛባቸውና ዘግይተው ይቀሰቅሱታል። የኔ ጅል ግን የዘገየችውንም እንደ አንድ ሰከንድ ይቆጥራታል።»

ሰውየው መቀሱን አስቀመጠ። «ገባኝ። ተለማማጅ ሳለሁ ሃያ እጅጌ ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱን ቀድሞ በቆረጥኩት ላይ እየለካሁ። በየቁራጩ የክር ውፍረት የምታህል ትርፍ ተጨመረች። ሃያኛውን ጌታዬ አንሥቶ ‹ይኼ ለዝንጀሮ ነው?› አለኝ። ከዋናው ልክ ላይ መቁረጥ ነበረብኝ።»

«በቃ፣ እሱ ነው! የተጀመረበትን ሰዓት መዝግቤ፣ ስንት እንዳለፈ ሰዓቱን ራሱን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ አስተካክይው። ማን ያውቅብሻል?»

«እሳቸውስ?»

ሰውየው አፈረ። መርፌ የሚፈልግ መስሎ አቀረቀረ።

ያን ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አደረች። ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። ጉዳዩን በሚያዩት ሦስት ኃላፊዎችና በፈታኟ ፊት አንድ አሮጌ ማሽን አስቀምጣ፣ እንደ ፈተናው ቀን መልስ እያስቀመጠ እንዲሠራ አስጀመረችው።

«ሰዓቱን የጨመሩት እሳቸው አይደሉም። የእኔ ፕሮግራም ነው። ተቀምጣችሁ እዩት።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እሳቸው እኮ ታግደው ሦስት ሳምንት ተቀምጠዋል።»

ተቀመጡ። የግድግዳው ሰዓት ስድሳ ደቂቃ ሲሞላ ማሽኑ ገና አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ከዚያ ሌሊቱን ያረመችውን ፕሮግራም ጫነችና ሌላ ስድሳ ደቂቃ አስቀመጠቻቸው። ይኸኛው በልኩ ዘጋ። ሰብሳቢው የእግዱን ደብዳቤ እዚያው ቀደዱት። ፈታኟ ተነሥተው የሚስትየዋን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ባልየው በሩ አጠገብ ወደቆመው ጥበቃ ዞር ብሎ፣ ሳይጠየቅ፣ «ሚስቴ ናት» አለ። ጥበቃው የሰማ ስላልመሰለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት።

ቤት ሲደርሱ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር።