የዝላትካ ስም በእናቷ የመርዶ ወረቀት ላይ

ዝላትካ በየጠዋቱ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ፣ የአጥሩ በር ላይ የተለጠፈውን የእናቷን የመርዶ ወረቀት በአውራ ጣቷ ጫን ጫን ታደርገዋለች። ነፋስ ያነሣውን ጠርዝ መልሳ ታጣብቃለች፤ ፎቶውን ግን አታየውም።

በእኛ መንደር ሰው ሲሞት፣ አርባው ሲወጣ፣ መንፈቁ ሲሞላ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ወረቀት ታትሞ በየበሩና በየአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል። ከፎቶው ሥር የሐዘንተኞቹ ስም ይሰፍራል። ስሙ የሌለበት ሰው ቤተሰብ አይደለም።

ዝላትካ አሥራ ስድስት ዓመት በሰው አገር፣ ተሰሎንቄ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ኖራ፣ የእናቷ ሙት ዓመት አሥር ቀን ሲቀረው ተመለሰች። ከአውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው የመንፈቁን ወረቀት ነው። «ልጇ ቦግዳን፣ ምራቷ ጊና፣ የልጅ ልጆቿ» ይላል። ዝናብ አደብዝዞት እንደሆነ ብላ መነጽሯን አውጥታ ደግማ አነበበችው። የለችበትም።

ታናሽ ወንድሟ ቦግዳን ሻንጣዋን ተቀብሎ አስገባላት፤ ሾርባም ቀረበላት። በሦስተኛው ቀን ከቦግዳንና ከሚስቱ ከጊና ጋር የንፍሮውን ስንዴ ስትለቅም፣ እንደምንም ደፍራ ወንድሟን ጠየቀችው።

«ቦግዳኔ፣ የሙት ዓመቱ ወረቀት ላይ እኔንም አስገባኝ።»

«ምን ብዬ? የሩቅ ዘመድ ብዬ?»

«ልጇ ነኝ እኮ!»

«ቄሱ መቃብሩ አፍ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ጠበቁሽ፣ ዝላትካ። እኔ ደግሞ ‹አውቶቡሱ ዘግይቶባት ነው› እያልኩ ሰው ፊት ስዋሽልሽ ነበር።»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ» አለች ጊና። «ጠጠሩን ትተህ ስንዴውን እየጣልክ ነው።»

ዝላትካ ቀና ሳትል፣ «አልለቀቁኝም» አለች። «የአሮጊቷ ልጆች ‹ከሄድሽ አትመለሺ› አሉኝ። ብለምን፣ ባለቅስ፣ እንቢ አሉ።»

ቦግዳን እጁን ከስንዴው አወጣ።

«አረመኔዎች! ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ፣ እቴ? እኔ ሞኙ ዓመት ሙሉ ስረግምሽ!»

በማግስቱ ቪዲን ከተማ ሄዶ ወረቀቱን አሳተመ። «ሴት ልጇ ዝላትካ» የሚለውን ከራሱ ስም አስቀደመው። በሙት ዓመቱ ዕለት መቃብሩ አጠገብ ቆማ፣ ስኳር የተነሰነሰበትን ንፍሮ በኩባያ ስታድል፣ ጎረቤቶቹ ጨካኝ አሠሪዎቿን እየረገሙ አጽናኗት። እሷም አንገቷን ደፍታ «ነፍሷን ይማርልኝ» ትላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት። «ጻፊው፤ በሰው አገር ያሉት ልጆቻችን ያንብቡት» አለችኝ። አንዱን ነገር ግን እንድተወው ለመነችኝ።

የአሮጊቷ ልጅ መርዶውን በሰማችበት ሰዓት ቲኬት ቆርጣላት፣ በራሷ መኪና መናኸሪያ ድረስ አድርሳት፣ አቅፋ ተሰናብታት ነበር። ዝላትካ ግን አልተሳፈረችም። በየዓመቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» እያለች የቀረችባትን እናቷን ሬሳ ሆና ማየት ፈራች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አውቶቡሱ ሲወጣ አየችው፤ ከዚያም በእግሯ ወደ ሥራዋ ተመልሳ «አውቶቡሱ አመለጠኝ» አለች።