የተሸነፉልኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚኒባስ ስመለስ በጆሮ ማዳመጫ ጨዋታ ይዤ ነበር። አንድ እንደኔ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ለመሰሎቹ ብሎ ብቻውን የሠራው፣ ሥዕል የሌለው፣ ድምፅ ብቻ የሆነ ጨዋታ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጣቴ ስልኩ ላይ ሲሯሯጥ አይተው «ስብከት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጨዋታ ነው እማማ፤ ጠላት እያሳደድኩ ነው።»

«አዬ፣ እንኳን የሚያጽናናህ አገኘህ» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉት። ክፉ ሴት አይደሉም። የእኔ ንዴት ግን ግንደወይንን አልፈንም አልበረደም።

ንዴቱ የቆየ ነው፤ ከዓመታት በፊት ቢቸና ተማሪ ነበርኩ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት የኮምፒውተር መምህራችን እንዲህ ያለ ጨዋታ አውርደው አመጡልኝ። የጠረጴዛ ቴኒስ ነው። ኳሷ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ እየነጠረች ትመጣለች፤ አጠገብህ ስትደርስ ትመታታለህ። ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ነው። እኔ እኮ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ዳር ቁጭ ብዬ ልብሳቸውን ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ። ሜዳ የገባሁት ያን ጊዜ ነው። ምሳዬን እንኳ በቅጡ ሳልበላ ወደዚያ ኮምፒውተር እሮጥ ነበር።

በጥር ሞጣ ላይ ውድድር ተዘጋጀ። መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። መምህሩ የሽምብራ እሸት ገዝተውልን እየፈለፈልን ሄድን፤ እኔ ጣቴ እንዳይዝል ብዬ ብዙም አልነካሁት። ተጋጣሚዬ ሙሉጌታ የሚባል የሞጣ ልጅ ነው፤ ዓይናማ፣ እጀ ፈጣን። እኩል ለእኩል ስንሄድ ቆየንና የመጨረሻዎቹን ኳሶች እሱ ሳታቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እልል ያለም ነበር። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ውጭ ስንወጣ ሙሉጌታን እጁን ይዤ «ለመልስ ጨዋታ ቢቸና ትመጣለህ» አልኩት።

«ተወው ባክህ፤ አንተ ደስ ካለህ ይበቃል።»

«እንዴት?»

«መምህራችሁ ናቸው። ‹ምስኪን ነው፣ ተሸነፍለት፣ ጽድቅ ነው› አሉኝ። እኔስ ጽድቅ እጠላለሁ?»

«የቱን ኳስ ነው የለቀቅክልኝ?»

«እኔ እንጃ፤ ከመጀመሪያውም ልቤን ሰጥቼ አልተጫወትኩም» አለ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ መምህሩ «እህሳ፣ ደስ አለህ?» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ምጽዋት የተቀበለ ሰው ሌላ ምን ይላል?

በጆሮ ጨዋታ ማንም ሊተውልኝ አይገባም ነበር። ሙሉጌታ ከልቡ ቢጫወትም አሸንፈው እንደነበር አምናለሁ፤ ግን አላውቅም፤ እስከ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኸው አለማወቄ ነው። ደጎቹ ሰዎች በገዛ ሜዳዬ ዳር አስቀመጡኝ።

አሁን እኔም መምህር ነኝ። ከሰው ጋር አልጫወትም፤ ባልደረቦቼ ኩራት ይመስላቸዋል። የምጫወተው ከማሽኑ ጋር ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋትም ደጋግሞ አሸነፈኝ፣ ያለ ርኅራኄ። በእኔ መጽደቅ የማይፈልግ እሱን ብቻ አገኘሁ።