ዝም ያሰኘሁት ኮምፒውተር

አዳማ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ፕሮግራም መቂ ላይ ችግኝ ያጠጣል። የችግኙ ባለቤት በልጅነቴ አዝለው ያሳደጉኝ የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ የቲማቲም ችግኝ አፍልተው ለገበሬው ያከፋፍላሉ። ጉልበታቸው ሲደክም የየመደቡን ቧንቧ በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። እኔም ተኮፈስኩ፤ «ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» ብዬ የእጅ መክፈቻዎቹን አስነቀልኳቸው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን በአዲስ ቀየርኩላቸው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደወሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ውሃው ቀረ!» ልጄ የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው።

ወደ መቂ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ጥፋቴ ገባኝ። ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የተቀመጠበት አድራሻ አለው፤ አድራሻውም ቁጥር ነው። እኔ ቁጥሩን ለአሮጌው ማሽን በሚበቃ ቦታ ላይ ነበር የማስቀምጠው። የአዲሱ አድራሻ ረጅም ስለሆነ ግማሹ ተቆረጠ። መቂ ላይ «ወፍጮ ቤቱ ጋ» ብትሉ ይበቃል፤ አዳማ ላይ እንዲያ ብትሉ ባጃጁ ሲያዞራችሁ ይውላል። ፕሮግራሜም የቧንቧዎቹን ዝርዝር ፍለጋ ባዶ ቤት አንኳኩቶ ቀጥ አለ።

ስደርስ ለገበሬው ቃል የገቡት ችግኝ አንገቱን ደፍቷል። እሳቸው ጀሪካን ተሸክመው ያጠጣሉ። አንዱን ተቀበልኳቸው።

«ማሽኑ ምንም ሳይናገር ነው እንዲህ ያደረገን?» አሉኝ።

«ተናግሯል እማማ። አድራሻው ሊቆረጥ ይችላል ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር።»

«አንቺስ?»

«ማስጠንቀቂያ አታሳየኝ አልኩት።»

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ» ብለው ሁለተኛውን ጀሪካን አቀበሉኝ። «እኔ ችግኙ ቅጠሉን ማጠፍ ሲጀምር ነው የምሰማው።»

አፈርኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መደቡ ዳር ተቀምጬ አስተካከልኩት። ማሽኑ ሲሰፋ አብሮ የሚሰፋ፣ ለአድራሻ ተብሎ የተሠራ የቁጥር ዓይነት አለ፤ የቀየርኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። ውሃው መጣ። የአንዱ መደብ ችግኝ ግን አላገገመም።

አሁን ፕሮግራሙን በነካሁ ቁጥር ይደውላሉ። «ዛሬስ ማሽኑ ምን አለሽ?» ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ። አንዱም አይገባቸውም፤ አስተካክዬ «አሁን ምንም አላለም» እስክላቸው ድረስ ግን ስልኩን አይዘጉም።