ሥጋ የሌለው ጥብስ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ዛሬም ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ባልበላሁት ጥብስ ከቤት ለመባረር አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር።

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የማስተምረው ባዮሎጂ መሆኑን ያዙልኝ፤ ኋላ ያሳፍረኛል።

ካዛንቺስ ተከራይቼ እኖርበት የነበረው ቤት ለልማት ሲፈርስ፣ ደላላ ለደላላ ሲቀባበሉኝ ከርሜ በመጨረሻ ቂርቆስ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘሁ። እትዬ ዘነበች በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ያስቀመጡልኝ ደንብ አንድ ብቻ ነበር። «በጾም ሥጋ ግቢዬ አይገባም። በቃ!» እኔም ጿሚ ነኝና ደስ ብሎኝ ተስማማሁ።

ችግሩ ጸጉሬ ነው። ገና በሠላሳ አራት ዓመቴ እሱ ጡረታ መውጣት ጀምሯል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ ከኋላዬ የሚስቁት በምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ፣ ጸጉሯ ወገቧ የደረሰ ልጅ የጥብስ ቅጠል ቀቅላ አናቷን ስትቀባ አየሁ። «በአንድ ወር ውስጥ ጉድ ታያላችሁ» አለች። ስለ ጸጉር ሥር ፈተና የማወጣው ሰውዬ አመንኳት። በነጋታው ከጉልት አንድ እቅፍ የጥብስ ቅጠል ገዛሁ።

የማስተምረው ጠዋት ጠዋት ስለሆነ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ። በሬን ዘግቼ ቅጠሉን እቀቅላለሁ፤ ውሃው ቀዝቀዝ ሲል አናቴን አሽበታለሁ፤ የቀረውን ቅጠል በዘይት ሞቅ አድርጌ እደግመዋለሁ፤ ከዚያ ኮፍያዬን እደፋለሁ። በሩን የምዘጋው ሰው እንዳያውቅብኝ ነው። ሽታን በር እንደማያቆመው አላሰብኩበትም። እኔማ በሦስት ቀን ለምጄው አፍንጫዬ ዝም አለ።

የሌላው ሰው አፍንጫ ግን ዝም አላለም። አንድ ተማሪ ደብተሩን ሊያሳርም አጠገቤ ቆሞ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገና «ቲቸር፣ ዛሬ ፍስክ ነው እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ስለ ሴል ክፍፍል ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

እትዬ ዘነበች ደግሞ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቁት ልክ እኔ ስቀቅል ነው። በባዶ ሆዳቸው የጥብስ ሽታ ሲመጣባቸው አስቡት። መጀመሪያ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ መመለስ ጀመሩ። ቀጥለው ማንንም ሳያዩ «የዘንድሮ ሰው ሆዱን አምላኩ አድርጎታል» ማለት አመጡ። እኔ ስለ ኑሮ የሚያወሩ መስሎኝ «እውነትዎን ነው» እል ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ቤቱን ፈልጌዋለሁ። ወንዱ ልጄ ከጅማ ሊመጣ ነው» አሉኝ።

ክው አልኩ። እትዬ ዘነበች ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም እዚያው አብራቸው ነው የምትኖረው። አከራይ ከሩቅ አገር ልጅ ሲያስመጣ ነገር እንዳለ ተከራይ ሁሉ ያውቃል። ግን ምን አጠፋሁ? «እባክዎ፣ እስከ ፋሲካ እንኳ ይታገሱኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ፋሲካን እንደሆነ አንተ ጀምረኸዋል» ብለውኝ ገቡ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ሳምንቱን ሙሉ ከደላላ ጋር ስዞር ሰነበትኩ። ወሎ ሰፈር ያየሁት ክፍል አልጋዬን ካስገባ እኔን አያስገባም። ቄራ ያገኘሁት መስኮት የለውም። ከካዛንቺስ ስወጣ ዕቃዬን ይዤ ከዘመድ ዘመድ የተንከራተትኩት ትዝ አለኝና በእውነት ፈራሁ። በጭንቀቱ ጸጉሬ ይብስ መርገፍ ጀመረ። ስለዚህ ቅጠሉን እጥፍ አደረግሁት።

ያን ዕለት በሬ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ጎረቤታቸውን ለምስክርነት አስከትለዋል። «እጅ ከፍንጅ!» አሉ። በቀጥታ ሄደው ድስቱን ከፈቱና በማማሰያ እስከ ታች ድረስ ፈተሹ። ያገኙት አረንጓዴ ውሃና ቅጠል ብቻ ነው።

«ሥጋው የታለ?»

«ሥጋ የለም፣ እትዬ።»

«በልተህ ጨረስከው?»

ወይ ቤቱን ወይ ክብሬን ማጣት ነበረብኝ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። በዘይት የወዛው አናቴ ላይ ሁለት ቅጠል ተለጥፎ ቀርቶ ነበር።

ጎረቤቲቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሮጣ ወጣች። እትዬ ዘነበች ግን ጠጋ ብለው አናቴን አሸተቱ። «ይሄ ሁሉ ለዚህች?» አሉ፣ የቀረችኝን ጸጉር በጣታቸው ነካ እያደረጉ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበቃቸው በሩን ገርበብ አደረጉና ሻሻቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉት። ዕድሜ ልካቸውን ሹሩባ የጎተተው ግንባራቸው መሐል አናታቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእኔስ ይሆናል?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት መቀቀል ጀመርኩ። ቤት መልቀቄም ተረሳ።

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል የንስሐ አባታቸው ጸበል ሊረጩ መጡ። እኔ ታጥቤ፣ ሌላ ልብስ ለብሼ ለቡራኬ ገባሁ። አባ ጸሎታቸውን ጀምረው ድንገት ቆም አሉ። አሸተቱ። እትዬ ዘነበችን ረጅም ጊዜ አዩዋቸውና በሐዘን «ልጄ፣ ጥቂት ቀን ነበር እኮ የቀረን» አሉ። ሽታው የሚመጣው ከሻሻቸው ሥር ነበር።

እትዬ ዘነበች ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «እሱ ነው!» አሉ።

ሁሉንም ላስረዳ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዓይናቸውን ሳየው ልመና አለበት። ያን ዕፍረት እኔም አውቀዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ «ይፍቱኝ፣ አባ» አልኩ። አርባ ስግደት ታዘዘብኝ፤ ሰገድኩት።

የሁለታችንም ጸጉር እስከ ዛሬ አልበቀለም። ባልበላሁት ጥብስ መስገዴ አንዳንዴ ያናድደኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ብቻዬን ያስቀኛል። የፋሲካ ዕለት እትዬ ዘነበች አንድ ሰሃን እውነተኛ ጥብስ በእጃቸው ይዘውልኝ መጡ። ቅጠል አልነበረበትም፤ ለአናታቸው አስቀርተውታል።

ከጅማ ይመጣል የተባለው ልጅም እስካሁን አልመጣም።